ቁጥር የምትጠራው ሴትዮ

ሰኔ 24 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኛ ዕቃ ልመዘግብበት ነበር። የሚመዘገብ ዕቃ ጠፋ። ባዶውን ከሚቀር ሆዴ ውስጥ ያለውን ልጻፍበት። ለሚስቴ ለዘርፉ ብነግራት "ደግሞ ጀመረህ" ትለኛለች፤ ለሌላ ሰው ብነግር ቅናት ነው ይለኛል። እኔ መርዳሳ በአብዱልሃኪም ልቀና? ኧረ ተዉኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ያላት ፈውዚያ ዛሬ ሁለታችንን አስጠራችን፣ እኔንና አብዱልሃኪምን። እኔ ራዲዮና ቴፕ ስጠግን ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። እሱም ከእኔ ሱቅ ሦስት በር ዝቅ ብሎ እንደዚያው። ዛሬ ሰው ሁሉ ዘፈኑን በስልኩ ይዞ ስለሚዞር ሁለታችንም ዝንብ እሽ ስንል ነው የምንውለው። ፈውዚያ ከማረፊያዋ አንዱን ክፍል የድሮ ሸክላ ማዳመጫ ልታደርገው አስባለች። ግራማፎኑን፣ ሸክላውን፣ ትልልቆቹን ራዲዮኖች የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች። አንድ ሰው።

"ጋሽ መርዳሳ፣ ጋሽ አብዱልሃኪም፣ ሁለታችሁም አባቶቼ ናችሁ፤ መምረጥ ከበደኝ" አለችና አንድ የብረት ሣጥን አስጎትታ አመጣች። አባቷ በአርሲ መንገድ የጭነት መኪና ያመላልሱ ነበር። ሣጥኑን ከአቦምሳ ጭነውት ተቀባዩ ሳይመጣ ቀረና መጋዘናቸው ውስጥ ሃምሳ ዓመት ከረመ። ውስጡ ሦስት ሸክላ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማጫወቻ፣ በአንድ ሽቦ ላይ የተንጠለጠሉ ስምንት የድሮ ስልክ እጀታዎች። ሸክላዎቹ ላይ የዘፋኝ ስም የለ፣ የፋብሪካ ስም የለ። ሲጫወቱም ዘፈን የለም። አንዲት ሴትዮ ቁጥር ትጠራለች፤ በአንዱ ገጽ በአማርኛ፣ በሌላው በኦሮምኛ። ሌላ ምንም የለም።

"እነዚህ ለምን እንደተሠሩ የነገረኝ ሰው ክፍሉን ይይዛል" አለች። እስከ መስከረም ጊዜ ሰጠችን። ሣጥኑ ከባድ ስለሆነ በየእሑዱ በባጃጅ ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ ይሄዳል። ዕጣ ጣልን፤ መጀመሪያ ለእሱ ወጣ። ያው፣ የሚያድለው እሱን ነው።

አንድ ነገር ግን ዓይቻለሁ። እጀታዎቹን ሲያይ አብዱልሃኪም ክው አለ። ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝና ዘጋው። የደበቀው ነገር አለ።

ሰኔ 27

ዘርፉ ፌስታል ይዛ ቁልቁል ወረደች። "የት ነው?" አልኳት። "መጣሁ" አለች። አብዱልሃኪም ሱቅ ገባች። ስትወጣ ባዶ እጇን ናት። ምን ነበር ፌስታሉ ውስጥ?

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ትናንት ሣጥኑ ደረሰኝ። በአዳማ ከተማ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አስደግፎ የቴፑ የትኛው ጥርስ እንደተበላ የሚናገር ማን ነበር? እኔ ነኝ። ሰው ከዱከም ድረስ ያመጣልኝ ነበር። እንግዲህ ይህን ሸክላ ጆሮዬ ካላወቀው ማን ሊያውቀው ነው?

መጀመሪያ እነዚያን እጀታዎች ቆርጬ ጣልኳቸው። የቴሌ ቁራጭ ናቸው፤ ሣጥኑ ውስጥ የገቡት ቦታ ጠፍቶ ነው። ደህና ድምፅ የሚወጣው በደህና ስፒከር ነው ብዬ ትልቁን ስፒከር ገጠምኩ። ሴትዮዋ መጣች። "ሰባት፣ ሁለት፣ አራት።" ዝም። "ዘጠኝ፣ አንድ፣ ስድስት።" ዝም። ጥርት ያለች፣ የአስተማሪ ድምፅ ያላት። ከዚያ ግን እየራቀች ሄደች። በአራተኛው ላይ ደከመች፣ በአምስተኛው ከጠፋች ቆየች። ሸክላው ግን እስከ መጨረሻው ባዶውን ይዞራል።

ምርመራዬን ልጻፍ። ሸክላው ተበልቷል። ያስበላው የአብዱልሃኪም መርፌ ነው። አንድ ሳምንት እጁ ላይ ቆይቶ እንዲህ አደረገው። በዚያ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ በዚህ ጩኸት ማን ምን ይሰማል?

ሐምሌ 3

ዱሬቲ ከዱከም ደወለች። ፋብሪካ ከገባች ወዲህ ልጄ አነጋገሯ ተለውጧል፤ ከንፈሯን ሳትከፍት የምታወራ ነው የሚመስለው። ኔትወርኩም የለየለት ብልሽት ነው። ሁለት ጊዜ "እህ?" ስላት "እማዬን ስጠኝ" አለች። ከእናቷ ጋር ግማሽ ሰዓት ሳቁ። ለእሷ ጊዜ ኔትወርኩ ይሠራል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ዘርፉ ሠላሳ ዓመት በግራዬ ስትሄድ የኖረች ሴት ናት። ከፋሲካ ወዲህ በቀኜ ነው የምትሄደው። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ዛሬ ወደ ፍራንኮ ስንወርድ ገባኝ፦ የአብዱልሃኪም ሱቅ በቀኝ በኩል ነው። በበሩ ስናልፍ ከእኔ ይልቅ እሷ ትቀርበዋለች። እንዲህ ያለው ነገር በቀኑ ካልተያዘ ይረሳል፤ ጻፍኩት።

ሐምሌ 6

ባጃጁ መጥቶ ሣጥኑን ወሰደ። አብዱልሃኪም በሩ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ፣ "በእጀታዎቹ ሰምተሃታል?" አለኝ።

"ቆርጬ ጥያቸዋለሁ።"

"ኧረ ተው! የት ጣልካቸው?"

"ጆንያ ውስጥ አሉ። ምን ልታደርጋቸው?"

"አስቀምጣቸው" አለኝ። "ስፒከሩን ትተህ በእነሱ ስማት።" እንደ ተማሪ ሊያስተምረኝ! ደግሞ የሚጮኸው ለምንድን ነው? መንደሩ እንዲሰማለት ነው።

ሐምሌ 15

ሣጥኑ እኔ ጋ ነው። ዛሬ ቴስተሬን ስፒከሩ ላይ ገጠምኩ፤ ድምፅ ሲመጣ የቴስተሩ መርፌ ብድግ ይላል። ሴትዮዋ "ሰባት፣ ሁለት፣ አራት" ስትል መርፌው ሦስት ጊዜ ዘለለ። ጥሩ። ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። መርፌው ግን አልቆመም። ትንሽ፣ ትንሽ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ይነቃነቃል። ድምፅ ሳይኖር!

ባትሪ ቀየርኩለት። ያው ነው። ሽቦ ቀየርኩ። ያው ነው። ሃያ ዓመት ያላሳፈረኝ ቴስተር አረጀ ማለት ነው። በዚህ ወቅት አዲስ መግዛት!

ሰፈሩ ሁሉ ስለ ሸክላው ያወራል። አንዱ የሎተሪ ቁጥር ነው ይላል፤ አንዱ የሰላዮች ምሥጢር፤ ሌላው የሕፃናት ሒሳብ ማስተማሪያ። ሒሳብ ቢሆንማ ቁጥሩ በተራ ይመጣ ነበር። ይህ አንድ ሁለት ሦስት አይልም፤ እንዳይገመት ተደርጎ የተደባለቀ ነው። ምሥጢር ቢሆን ደግሞ በሁለት ቋንቋ ማን ምሥጢር ያወራል? በኦሮምኛም በአማርኛም የቆጠሩት ማንም ሰው ሳይቀር እንዲገባው ፈልገው ነው። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ አብዱልሃኪም አይደለም። ቀኑ ይመዝገብልኝ።

ሐምሌ 21

ዛሬ አብዱልሃኪም ሲጠራት በጆሮዬ ሰማሁት። "ዘርፌ" አላት።

ዘርፌ! ሠላሳ ዓመት በዚህ ስም የጠራኋት እኔ ነኝ። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆነው፤ አዝኜለት ነበር፣ ለቅሶ ስንት ቀን ተቀምጫለሁ። ከዝናብ ተጠልለው ሱቁ ደጃፍ ቆመው ነበር። ሲያወሩ ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ስጠጋ ጸጥ አሉ። ከዚያ ዘርፉ ወደ እኔ ዞራ፣ እየጮኸች፣ "ምሳ ደርሷል!" አለችኝ። ለእሱ ሹክሹክታ፣ ለእኔ ጩኸት። ምሳውን አልበላሁም፤ በኋላ ግን ራበኝና ቆሜ በላሁ።

ሐምሌ 29

ማወቅ የማልፈልገውን አወቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ሸክላውን አጫወትኩ። ዘርፉ ጥግ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሴትዮዋ እንደ ልማዷ ደከመች፣ ጠፋች። ቀና ስል ዘርፉ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዓይኗ ምስሩ ላይ ነው፣ ሳታውቀው ነው፤ ከንፈሯ ግን "ሦስት፣ ዘጠኝ፣ አምስት" ይላል። ትንሽ ቆይታ "ስምንት፣ አንድ፣ አራት"። መርፌው ብድግ ባለ ቁጥር የእሷም ከንፈር አብሮ።

"ከየት አመጣሽው?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ቁጥሩን!"

"ከሸክላው ነዋ! ትናገር የለ እንዴ ሴትዮዋ?" አለችኝ። ከዚያ እጇ ምስሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ፊቷ ተለዋወጠ። "አይ፣ እንዲሁ ነው፤ እንዲሁ አልኩት" አለች።

እንዲሁ! ሸክላው በማይናገርበት ቦታ ቁጥሩን በቃሏ የምታውቀው ከየት ሰምታ ነው? እሱ ጋ ሳይበላ ሰምታው ነው! የእሱ ሳምንት ሲደርስ አብረው ቁጭ ብለው እያዳመጡት ነው። ምናልባት ሌላ፣ ያልተበላ ሸክላ ደብቆ ይዞ ይሆናል። ይኸው ፌስታሉም፣ ቀኝ በኩሉም፣ "ዘርፌ"ውም ተገጣጠመ።

ለምን እንባ ዓይኗ ውስጥ እንደሞላ አላውቅም። ማልቀስ የሚገባኝስ እኔ ነበርኩ።

ነሐሴ 2

ሠራሁት! ሸክላውን አዳንኩት!

የማይሰማውን ድምፅ መርፌውን እያየሁ፣ ባነሰ ቁጥር አምፕሊፋየሩን እየጨመርኩ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ፍላሽ ቀዳሁት። አሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሴትዮዋ እኩል ትጮኻለች። አንድ ቁጥር አልጠፋኝም። ፈውዚያ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። አብዱልሃኪምም ነበር፤ የማይኖርበት ቦታ የለም።

ፈውዚያ ሰማችና ጆሮዋን ያዘች። "እጅግ በጣም ይሰማል ጋሽ መርዳሳ። ትንሽ ቢቀነስ… ግን ለምንድን ነው የምትቆጥረው? እሱን አገኙት?"

እሱን አላገኘሁም። ፍላሹን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። አብዱልሃኪም ጠጋ ብሎ፣ "መርዳሳ፣ ምናልባት ሴትዮዋ እንድትደክም ተደርጋ ነው የተቀዳችው። ያዳንከው በሽታዋን ሳይሆን ሥራዋን ይሆናል" አለኝ።

እንደ መምህር! የሦስት ቀን ድካሜን በአንድ ቃል ገደል ከተተው። ቤት ስገባ ዘርፉ "እንዴት ሆነ?" ብትለኝ መልስ አልሰጠኋትም። እኔስ ስንቱን ስጠይቃት ጆሮ ዳባ ልበስ ትለኝ የለ?

ነሐሴ 9

ተከተልኳት።

እንደገና ፌስታል። እንደገና ቁልቁል። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ሳላንኳኳ ገባሁ። በአብዱልሃኪም ጠረጴዛ ላይ አንድ ራዲዮ ሆዱ ተከፍቶ ተኝቷል። አወቅሁት። የሑስና ራዲዮ ነው፤ ቅመም የምትሸጠዋ የሑስና። ሰኞ ዕለት እኔ ጠግኜ፣ ጨርሼ፣ ዘግቼ ያስቀመጥኩት! ዘርፉ አጠገቡ ቆማለች።

ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ያላልኩት ግን የለም። ሥራዬን ለጠላቴ እንደሸጠችው ተናገርኩ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው የሰው ሚስት ይቀማል ብሎ ማን ነገረህ አልኩት። እሱ ተነሣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ዘርፉ አንድ ነገር ተናገረች። በዝናቡ መሐል አልሰማሁትም። ድገሚው አላልኳትም።

በሩ ላይ ሑስና ዣንጥላዋን ይዛ ቆማ ነበር። ሁሉን ሰምታለች። ነገ ገበያው ሁሉ ያወራዋል። ያውራው!

ነሐሴ 12

ዘርፉ ዱከም ሄደች፣ ዱሬቲ ጋ። ሻንጣ ይዛ። "ትንሽ ልረፍ" አለች፤ ይህን ፊቴ ቆማ ስለተናገረችው ሰማሁት።

ሣጥኑ ትናንት መጣ። አልከፈትኩትም።

ነሐሴ 13

ሹሮ አረረብኝ።

ነሐሴ 18

ባጃጁ ባዶውን ተመለሰ። አብዱልሃኪም "ይቆይለት፣ እኔ አልቻልኩም፣ ለፈውዚያም ነግሬያታለሁ" ብሏል። እጁን ሰጠ! ክፍሉ የእኔ ነው ማለት ነው። ይህን ለማን ልንገር? ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። ደግሞ መሸነፉ ራሱ ደስ አላለኝም። እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ዳማ ስንጫወት አንድ ቀን ለቆልኝ አያውቅም።

ነሐሴ 26

ሁለት ደንበኛ መጣ። ሁለቱም የሠራሁላቸውን መልሰው አመጡ። ያፏጫል አሉኝ፤ ደጋግሜ አዳመጥኩት፣ ምንም ፉጨት የለውም። ዘርፉ እያለች ዕቃ መልሶ ያመጣ ሰው አልነበረም። ሰው ብቻህን ሲያይህ ነው የሚደፍርህ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ዝናቡ ቆመ። ከትናንት ጀምሮ አንድ ጠብታ የለም። ጠዋት ስነሣ ቆርቆሮው ዝም ብሏል። ከቤቱ ዝምታ ጋር ተደምሮ ከበደኝ። ክረምቱን ሙሉ "ዝናቡ ነው" ስል ነበር። እስቲ እንግዲህ ዛሬ ብዬ ሸክላውን ጫንኩ። መስኮቱንም ዘጋሁ።

"ሰባት፣ ሁለት፣ አራት።" "ዘጠኝ፣ አንድ፣ ስድስት።" ሦስተኛው። አራተኛው ደከመ። አምስተኛው የለም።

መርፌው ግን ይዘላል። አየሁት። ብዙ ጊዜ አየሁት። ዝናብ የለም፣ ልጅ አይጮኽም፣ ባጃጅ አያልፍም። መርፌው ይዘላል።

ሸክላውን ልመልስ ስል የሣጥኑ ክዳን ከውስጥ የተለበጠበት ጨርቅ ቀደም ብሎ እንደተላቀቀ ልብ አልኩ። ከኋላው ወረቀት ነበር። አንደኛው በታይፕ የተመታ ነው፤ የሴትዮዋ ቁጥሮች ሁሉ ከላይ እስከ ታች፣ አሥር ረድፍ። አሥር! እኔ አምፕሊፋየሩን ሳልጨምር ከአራት ያለፈ ሰምቼ አላውቅም። ሁለተኛው በእርሳስ የተጻፈ የልጅ ጽሑፍ ነው። ከላይ "ዙህራ፣ ሁለተኛ ክፍል" ይላል። ሁለት ዓምድ አለው፤ ቀኝ ጆሮ፣ ግራ ጆሮ። በቀኙ ዘጠኝ ረድፍ ቁጥር ሞልታለች። በግራው ሦስት ብቻ ጽፋ ቀሪው ባዶ ነው። ባዶው ላይ እርሳሷን አሳርፋ የጠበቀች ይመስል ነጥብ ነጥብ አለበት። ከታች በቀለም፣ በትልቅ ሰው እጅ፦

"ግራ ጆሮዋ ደክሟል። ፊት ወንበር ትቀመጥ። መምህራን በቀኟ በኩል ሆናችሁ አነጋግሯት።"

አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። ሸክላው የጆሮ መመርመሪያ ነው። ሴትዮዋ የምትደክመው ሆን ብላ ነው፤ ልጁ እስከ የት እንደሚከተላት ለማወቅ። እጀታዎቹ ስምንት የሆኑት ስምንት ልጅ በአንዴ ተቀምጦ እንዲሰማ ነው። እኔ ቆርጬ የጣልኳቸው! በኦሮምኛ የተደገመውም የገጠሩ ልጅ አማርኛ ስላላወቀ ብቻ ደንቆሮ እንዳይባል ነው።

ጆንያውን ገለበጥኩ። አንዱን እጀታ መልሼ በየድኩት። በቀኝ ጆሮዬ ይዤ ከዚህ በታች የሰማሁትን ጻፍኩ፣ እንደ ዙህራ።

ቀኝ፦ 724። 916። 283። 571። 395። 814። 6 – 2።

ግራ፦ 724። 9

ግራው ይኸው ነው። በስልክ የማወራው በግራ እጄ፣ በግራ ጆሮዬ ነው፤ ቀኜ ሁልጊዜ ካቻቢቴ ይይዛል። የዱሬቲ ኔትወርክ።

በቀኟ በኩል ሆናችሁ አነጋግሯት።

ዘርፌ። ከፋሲካ ጀምሮ።

ጳጉሜን 5

አብዱልሃኪም ሱቅ ሄድኩ። ሰላምታ አልሰጠሁትም። "መቼ ነው ያወቅከው?" አልኩት።

"ስለ ሸክላው ነው ወይስ ስላንተ?"

"ስለ ሁለቱም።"

ወንበሩን ስቦ በቀኜ አስቀመጠው፤ አሁን እንዲህ ያለውን ነገር አያለሁ። "ሸክላውን ሣጥኑ የተከፈተ ዕለት ነው። አቦምሳ ነው ያደግሁት፣ ታውቃለህ። ነርሶቹ ትምህርት ቤታችን መጥተው እኔም እጀታውን ይዤ ቆጥሬያለሁ። ስለ አንተ… ሁለት ዓመት ይሆነዋል። የምትጠግነው ራዲዮ ያፏጫል፤ አንተ ጨርሻለሁ ትላለህ። ሰው ከመውሰዱ በፊት ዘርፉ እያመጣች አስተካክለው ነበር።"

"ስንት?"

"አልቆጠርኩም ባክህ።"

"ለምን ለፈውዚያ አልተናገርክም? ክፍሉ ያንተ ነበር።"

"ብናገር 'እስቲ እንሞክረው' ትላለቻ! እዚያው፣ በሰው ፊት፣ ወረቀት አስይዛ። ከዚያስ አንተ ምን ልትሆን ነው?"

አልቅሼ ማመስገን ነበረብኝ። እውነቱን ልጻፍ፦ እሳት ነው የለበስኩት። ይህን ክረምት ሙሉ በቅናት ስቃጠል የቀናሁበት ሰው አዝኖልኝ እየተሸነፈልኝ ነበር! በዳማ የማይለቅልኝ ሰው በዚህ ለቀቀልኝ። እኔ ጠላት ነው ብዬ በየቀኑ ስጽፍበት እሱ ራዲዮዬን ይበይድ ነበር። አሁንም እቀናለሁ። በጆሮው እቀናለሁ፤ ከዚያ የበለጠ ደግሞ በዝምታው። እኔ ብሆን አንድ ቀን አላድርም ነበር።

"ሚስትህን ጠርተህ አምጣ" አለኝ። "በእኔ ላይ ያልከውን ትቼዋለሁ። ለእሷ ያልከውን ግን እሷ ናት የምትተወው።"

ለዱሬቲ ደወልኩ፣ በቀኝ ጆሮዬ። ልጄ ድምፅዋ እንዴት ያምራል! "አባዬ፣ ዛሬ ኔትወርኩ ጥሩ ነው መሰለኝ" አለችኝ። አዎ አልኳት።

መስከረም 1 ቀን 2018

ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ዱከም ሄድኩ። ዘርፉ በሩን ከፈተች፤ እንኳን አደረሰሽም ሳልላት የዙህራን ወረቀት ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። የእኔንም ከጎኑ አየችው፤ ከዚህ ደብተር ቀድጄ ይዤው ሄጄ ነበር፣ አሁን መልሼ ለጥፌዋለሁ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ነግሬህ ነበር። ሦስት ጊዜ" አለች። "አልሰማህም።"

ዱሬቲ ፊቷን አዙራ ሳቀች፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። ዘርፉ ግን ቶሎ አቆመች። "አብዱልሃኪምን በእኔ ስታማው ግን እኔ ሰምቻለሁ፤ የእኔ ጆሮ ጤነኛ ነው" አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ቀላል አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፣ ሁለተኛውን ጮክ ብዬ።

መስከረም 4፣ እሑድ

ፈውዚያ ዘንድ ሄድን። እኔ፣ ዘርፉ፣ አብዱልሃኪም። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ያደርኩት ነገር አንድ ነው። ስለ ሸክላው ከተናገርኩ ክፍሉን አገኛለሁ፤ ከተናገርኩ ግን ስለ ጆሮዬም ተናገርኩ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በአዳማ ማን ራዲዮ ያመጣልኛል? ዝም ብልስ? ዝም ብል አብዱልሃኪም ዝም እንዳለልኝ ሁሉ እኔም በእሱ ዝምታ ላይ ስኖር ልኖር ነው። እሱን አልችለውም። ከደንቆሮነት የባሰ ነው።

ስምንቱንም እጀታ በይጄ መልሻቸዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀትና እርሳስ ሰጠሁ። ፈውዚያ ግራ ገባት። "ይህ ምንድን ነው ጋሽ መርዳሳ?"

"የምትሰሚውን ጻፊ" አልኳት። "እኔም እጽፋለሁ።"

አብዱልሃኪም ከጠረጴዛው በታች እግሬን ረገጠኝ። ተወው ማለቱ ነው። እኔም መልሼ ረገጥኩት።

ሴትዮዋ ቆጠረች። ሁሉም አጎንብሶ ይጽፋል። በአምስተኛው ላይ እጀታዬን በግራ ጆሮዬ ይዤ ባዶ ወረቀቴን ነጥብ ነጥብ ሳደርግ ዙህራን አሰብኳት፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አላት ይሆናል። ሲያልቅ ወረቀቶቹን አንድ ላይ ዘረጋኋቸው። የፈውዚያ አሥር። የዘርፉ አሥር። የአብዱልሃኪም ዘጠኝ ተኩል፤ ይህን ሳይ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። የእኔ አንድ ተኩል።

"ሸክላው ለዚህ ነው" አልኳት። "የልጆችን ጆሮ ይመረምሩበት ነበር። ያወቅኩትም ፈተናውን ወድቄ ነው።"

ፈውዚያ ወረቀቴን ከራሷ ጋር አስተያየችው። ከዚያ ተነሥታ ከግራዬ ወደ ቀኜ መጣች። "ክፍሉ የእርስዎ ነው፤ ቃሌ ቃል ነው" አለች።

"የሁለታችን ይሁን" አልኳት። "እሱ ይስማ፣ እኔ ልበይድ። ሸክላዎቹ ሥር በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ግን ስሜ ከስሙ በላይ ይጻፍ።" አብዱልሃኪም፣ "አቦ፣ ከፈለግክ ብቻህን ተጻፍ" አለኝ። ከፈለግክ! ደግሞ ሊለቅልኝ! ከስሙ በላይ፣ ግን እሱም ይኑር ብዬ ተሟገትኩት፤ ተስማማን።

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን፣ እኔና ዘርፉ። በአብዱልሃኪም ሱቅ አለፍን። ቁልቁል ስንወርድ በቀኝ የነበረው ሱቅ ሽቅብ ስንመለስ በግራ በኩል ነው። ይህን መንገድ ክረምቱን ሙሉ ስንመላለስበት አንድ ቀን አላየሁትም። ሱቁ በግራዬ አለፈ። ዘርፉ በቀኜ ነበረች።